የቱ ይበልጣል?

ፍልሰታ በተፈታ ማግስት ዝናቡ ከቆርቆሯችን ጋር ሲጨቃጨቅ አመሸ፤
ይበልጣል በልጃችን የሒሳብ ደብተር ላይ መንገድ እያሰመረ ስንት ገጽ አበላሸ።
ዘንገና ልንሄድ ነው፤ ሦስት ቀን፣ ከክረምቱ ላይ የተቆነጠረ፤
እኔ ልብስ አጥፌ ስጨርስ እሱ ገና እርሳስ እየቀረጸ ነበረ።

«በአማኑኤል አጭር ነው» ይላል፤ «ግን ከደምበጫ ወዲያ
አስፋልቱን ገፈውታል አሉ፤ የጎማ መዋጫ፣ የሰው መሳቂያ።
በሞጣ ብንዞርስ? በአዴት ወጥተን፣ ባሕር ዳርን ረግጠን፣
በዳንግላ ቁልቁል…»
«ጆሮ ለማከክ» አልኩት፣ «እጃችንን በማጅራት አዙረን!»

በማለዳ ጎሚስታው ይርሳው ጎማችንን እየነፋ፣ «ተከፍቷል፣ ትናንት አልፌዋለሁ» ብሎ ማለ፤
አጠገቡ ሻይ የሚጠጣ የሲኖትራክ ሹፌር፣ «እኔ እዚያው ስድስት ሰዓት ቆሜያለሁ» አለ።
አንድ መንገድ፣ ሁለት ምስክር።
ስልኩ ደግሞ ሰማያዊ መስመሩን ዘርግቶ
ምንም እንዳልሆነ ይነግረናል፣ ጭቃ የሚባል ነገር ረስቶ።

«የቱ ይበልጣል?» አለኝ ይበልጣል።
ስሙን እየጠራ ራሱን የሚጠይቅ ሰው ያሳዝናል፤ ያስቃልም፤
እናቱ ስም ስታወጣለት ከማን እንደሚበልጥ አልነገረችውም።
«እናንተ ስትመርጡ ትምህርት ቤት ይከፈታል» አለች ማንጠግቦሽ ከኋላ።
ቁልፉን አዞረ። በአጭሩ።

ከደምበጫ ወዲያ፣ በርሜል ላይ በኖራ የተጻፈ፣ «ተለዋጭ መንገድ»፤
ቀስቱ ወደ ሰው ማሳ ጥግ ይጠቁማል፣ ማሳው ደግሞ ወደ ገደል መውረድ።
ከፊት ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ፣ ከኋላ ሰው ያመቀ ሚኒባስ፣
እኛ መሃል፤ ወደፊት የለ፣ ወደ ኋላም መመለስ።

ሰሌዳ የያዘች ልጅ አለች። በአንድ ፊቱ «ቁም»፣ በሌላው ፊቱ «እለፍ»፤
ቀኑን ሙሉ ታዞረዋለች፣ ሳትቀመጥ፣ ክንዷን ሳታሳርፍ።
ትዋብ ትባላለች፤ የጂጋ ልጅ ናት፤ ብርቱካናማ ሰደርያ፣ እግሯን የዋጠ ቦቲ።
«መቼ ይከፈታል?» አላት ይበልጣል። «ግሬደሩ ሲያበቃ።»
«እሱስ መቼ ያበቃል?» «እሱን እንኳ ግሬደሩን ጠይቁት» አለች ስቃ።

ማንጠግቦሽ የተጠበሰ እሸት በቆሎዋን ሰብራ አካፈለቻት።
«ወዴት ናችሁ?» «ዘንገና።»
«አገሩ ሁሉ ዘንገና» አለች ወደ ሰልፉ በአገጯ ጠቁማ፤
በቆሎዋን ገመጠች፣ ጭቃው ውስጥ እንደ ቆመች ቆማ።
«እኔ ሰዉን ሳሳልፍ እንጂ ሳልፍ አላውቅም። ውሃው እውነት እንደ ሰፌድ ክብ ነው?»
«በሃይላንድ አመጣልሻለሁ» አለቻት ልጄ።
የልጅ ቃል ነው ብዬ ዝም አልኩ።
ሰሌዳው ዞረ።

ዘንገና… ጉም ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ጉም አየን።
በሦስተኛው ለሩብ ሰዓት ያህል ተገለጠ፤ ክብ ነው፣ ሰፌድ፣ ልጅቷ እንዳለችው፤
ማንጠግቦሽ ተንበርክካ ሃይላንዱን እስካፉ ሞላችው።

በመመለሻችን ዋዜማ ይርሳው ደወለ፦ «ደለል ዘግቶታል፣ በአዴት በሞጣ ዙሩ»።
ይበልጣል ደብተር ሳያወጣ መረጠ፤ እውነቱን ነው፣ አልተሳሳተም፤
ሩቅ ነው እንጂ ደህና መንገድ ነበር፣ ጎማም አልፈነዳም።
ዲጎ ጽዮን ስንደርስ ከኋላ ወንበር፦
«ትዋብስ?»

ሁለታችንም ወደፊት አየን።

ኅዳር ላይ በዚያው አለፍን፤ ለቅሶ ልንደርስ፣ ፍኖተ ሰላም።
አስፋልቱ ጥቁር ነው፣ ነጭ መስመሩ ገና አልደረቀም፣ በርሜል የሚባል የለም።
«የቱ ጋ ነበር?» አለች ልጄ፣ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ።
ይበልጣል ፍጥነት ቀነሰ። ሁሉም ቦታ አንድ ነው።
ሃይላንዱ እስከ ዛሬ በሩ ኪስ ውስጥ አለ፣ አረንጓዴ ዝቃጭ ይዟል፤
መንገዱ ከመለስለሱ የተነሣ
ውሃው እንኳ አልተነቃነቀም።