ምላጭና ምላስ

ኬረላ ይዘንባል። የቬላዩዳን ጸጉር ቤት፣ ደጁ፣
ቀይ ባንዲራ አለበት፤ ራሱ የሰፋው በእጁ።
ኦውሴፍ፣ የሌላው ወገን ሰው፣ አንገቱን ለምላጭ ሰጥቶ፣
ከአረፋው ውስጥ ይሟገታል፣ አንድ ጣቱን አውጥቶ፦

«ድልድዩ ይቅደም፤ ስንት ጊደር አስረከብን ለወንዙ!»
«ክሊኒኩ ነው የሚቀድም፤ የወባ ነው የከፋው መዘዙ!»

ምላጩ ጉሮሮው ላይ ሲደርስ ሁለቱም ዝም ይላሉ፤
አንድ ትንፋሽ።
አንድ ጭረት።
ደግሞ ይቀጥላሉ።

ወረፋ የያዘ አንድ ልጅ ጠየቀ፣ ነገሩ ገርሞት፦
«አባባ፣ በዚህ ሁሉ ክርክር አይታይህም ወይ ሞት?»
ኦውሴፍ ሳቀ፤ አረፋው ከጉንጩ ረገፈ።
በወሩ ምርጫው መጣ፤ የእሱ ወገን አለፈ።

በማግስቱ ያው ወንበር፣ ያው ፎጣ፣ ያው ዝናብ።
ቬላዩዳን ዝም አለ፤ ቆየ፤ ውሃ እስኪሞቅ ድረስ።
«በአሥራ አንድ ድምፅ አሸነፋችሁን» አለ፣ «እንግዲህ ዛሬ፤
ዘጠኙን እኮ እኔ ነኝ የላክሁ፣ ላጭቼ፣ አሳምሬ!»

ምላጩን ሳለ፤ ምላሱንም። አገጩን ቀና አደረገው፤
«ድልድዩን ሥሩት።
ብረቱን ግን እቆጥራለሁ፤ እኔም ነኝ የምሻገረው።»