አራተኛው ገጽ

ቡሬ ላይ፣ ከበርበሬ ወፍጮው ግድግዳ ጀርባ፣
ክፍል አለችኝ ጠባብ፣ አንድ ወንበር የምታስገባ።
ቀን ቀን ሚዛን ላይ ቆሜ የሰው ጆንያ እመዝናለሁ፣
ማታ ማታ የሰው ታሪክ አነባለሁ፣
እያስነጠሰኝ።
አንዱ ጸሐፊ «ታሪኬ አስለቅሶህ ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ፤
አዎ አልኩት። በርበሬው ነበር ያስለቀሰኝ።

መጽሔቷ «እፍኝ» ትባላለች።
ወረቀት የላትም፤ ስልክ ላይ ትነበባለች፣
በሁለት ወር አንዴ፣ ሲከፋም በአራት ወር ትወጣለች።
አጭር ልብ ወለድ ብቻ፤ ከሁለት ሺህ ቃል የማያልፍ።
ልኩን ለጠየቀኝ ሁሉ ስለ ጥበብ አወራለሁ፤
እውነቱ ግን ባትሪዬ ነው፤
ከዚያ ከረዘመ ጨለማ ላይ እቀራለሁ።

ገጿን የሚጠብቅልኝ ምንይችል ነው፣ ስልክ ጠጋኙ፣ ከመናኸሪያው በር፤
ደመወዙ የሃምሳ ብር ካርድ፣ እሱም ከተገኘ፣ በወር።

አንሙት ደግሞ አለ፣ ቅኔ ቤት ስምንት ዓመት የቆየ፣
በታሪኩ ውሻ ቢጮህ እንኳ ሁለት ፍቺ ያሳየ።
«አንሙት፣ ወንድሜ፣ ወርቁን ለጊዜው ደብቀው፤
ውሻው ዝም ብሎ ይጩህ። ማን እንደ መጣ አንባቢው ይወቀው።»
ሦስት ወር አኮረፈኝ።
ከዚያ አዲስ ታሪክ ላከ፤
ውሻውን በመጀመሪያው መስመር ሞቶ አገኘሁት፣
በዚያው እትም አወጣሁት።

አይሆንም ማለት ግን አልለመደልኝም እስከ ዛሬ።
ለአንድ የደምበጫ መምህር «ጽሑፍዎ ደርሶናል» ብዬ ጀምሬ፣
ሰርዤ፣ ደግሜ፣ አለሳልሼ፣
የላክሁት መልስ ከታሪኩ ይረዝም ነበር።

ክረምት መግቢያው ላይ ነው፣ ከሞጣ፣
ባንቻየሁ ከምትባል ሴት አንድ ታሪክ የመጣ።
በደብተር ሉክ፣ በእስክርቢቶ፣ በስልክ ፎቶ የተነሣ፦
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣
አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት።
አራት የለም።

ሦስተኛው ገጽ ሲያልቅ ሴትዮዋ በር ላይ ናት፣ ያባቷን ቤት ቁልፍ ጨብጣ፤
ወንድሟ ከአጥሩ ውጭ፣ አሥራ አንድ ዓመት ቃል ሳያወጣ።
አምስተኛው ሲጀምር አንድ ምድጃ ዳር ተቀምጠዋል፣
ካፖርቱ ከእሳቱ በላይ ተሰቅሎ።

ደወልኩ። አይነሣም።
በማግስቱ መስመሩ ጠፋ፤ መብራቱም ተከተለ።
ወፍጮው ዝም፣ ሚዛኑ ዝም፤
በርበሬ እንኳ ባየሩ ላይ የለ።
አሥራ ዘጠኝ ቀን።

በሰባተኛው ቀን አራተኛውን ገጽ ራሴ ጻፍኩት።
ሽማግሌ አስገባሁ፤ ያባት ኑዛዜ ከሣጥን አወጣሁ፤
ወንድምየውን ድንጋይ አሸክሜ ደጇ ላይ ጣልኩት።
ሦስት መቶ ሃያ ቃል።
ለምንይችል አነበብኩለት፣ በሻማ።
«ጥሩ ነው» አለ፣ ቁርጥራጭ ሽቦውን እያየ፣
«ሴትዮዋ ግን ድምፅዋ ጎረነነ።»

በሃያኛው ቀን መስመሩ መጣ፤
ስልኬ እንደ ጫጩት ቤት ተንጫጫ።
«ይቅርታ፣ አራተኛዋ ቀርታ ኖሯል፤
ልጄ ሒሳብ ሠርቶባት፣ ከደብተሩ መሀል ነው ያገኘኋት።»
ከፈትኳት።
ገጹን የሞላው የልጅ ማባዛት ነው፣
ሰባት ጊዜ ስምንት፣ ተሳስቶ፣ ተሰርዞ፣ እንደገና ተሳስቶ፤
ከላይ፣ ከጠርዙ፣ በእናቱ እጅ፦
«ከዚያም ዘነበ።»

ሌላ ምንም።

ወደ ካፖርቱ ተመለስኩ።
ሦስት መቶ ሃያውን ቃል አጠፋሁ።
(ውሸቴን ነው። አንድ ቦታ አስቀምጫለሁ።)

እትሙ በወጣ ሌሊት አርባ አንድ ሰው አነበበው፤
ምንይችል ነው የቆጠረው፤ ራሱን ሁለቴ ሳይቆጥር አይቀርም።

ጠዋት ወፍጮው ተነሣ። አስነጠሰኝ።
አንዲት ሴት ጆንያዋን ሚዛኑ ላይ አውጥታ
«ስንት ሆነልኝ?» አለችኝ።
«ሁለት» አልኳት።
«ሁለት ምን?»
አርባ ኪሎ ነበር።