ከዘንጉ ላይ የወጣ ክር

መጀመሪያ ባትሪውን ንቀል።
ስንቴ ልበልህ፣ ሸዋንግዛው? አንዱ ሪሞቱን ቢነካ፣
ትንሽ ናት ብለህ የናቅሃት መዘውር፣ ጣት ትበላለች ለካ።
ቀጥለህ ገልብጣት። ቂጧን ወደ ሰማይ፣ አፏን ወደ መሬት፣
የጠጣችውን በሬሳ ጠብ ጠብ አድርጋ ትትፋው፣ አትቸኩልባት።

ብርድ ነው፣ አውቃለሁ። የደብረ ብርሃን ማለዳ
ብሎኑን ከጣት ያጣብቃል፤ ማን ሊከፍልህ የሱን ዕዳ?
ግን ዛሬ ፈተን ካላደረቅናት፣ ኩሽኔታው ዝጎ ያድራል፤
የዛገ ኩሽኔታ ደግሞ መጮኽ እንጂ መዞር የት ያውቃል።

አራቱን ብሎን ፍታ። ክዳኑ ላይ ደርድር፣ በየተራ።
(እኔ አንዱን አሸዋው ላይ ጥዬ፣ ግማሽ ቀን ሳጣራ፣
ብርድ ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ሲስቁብኝ ዋሉ፣
«ጋሽ እንግዳወርቅ፣ ወርቅ አገኙ እንዴ?» እያሉ።)

አሁን ዘንጉን ሳበው። ቀስ።
እሾህ ከእግር ሲወጣ እንደሚሳበው፣ ቀስ።
አየኸው፣ ከመዘውሩ ሥር የተጠመጠመውን?
ሞተሯን ያጋለውን፣ አንተ «ባትሪው ነው» ያልከውን?
ክር ነው።
ከታጠበ ብርድ ልብስ ተመዞ ወንዙን ይዞ የወረደ፣
ስትምግ በወንፊቷ ሾልኮ፣ ሆዷ ውስጥ የታመደ።
ጀት ማለት ሌላ አይደለም፤ በሆዷ ትጠጣለች፣
በኋላዋ ትተፋለች፣ በተፋችው ትሄዳለች።
መርጣ መጠጣት ግን አታውቅም።

በምላጭ አትቁረጠው፣ ዘንጉን ትፍቀዋለህ።
በዞረበት ተቃራኒ አዙር፣ ጫፉን ታገኘዋለህ።
ቆይ።
ወደ መስኮቱ አምጣው እስቲ። መነጽሬን።
ይኼን ቀይ አውቀዋለሁ።

ሃያ ስድስት ዓመት፣ ፋብሪካው ውስጥ፣ ሰባተኛው ማሽን ላይ ቆሜ፣
ይኼ ቀይ በጣቴ አልፏል፤ ገብቷል ከእንቅልፌ፣ ከሕልሜ።
ሁለት ጥቁር፣ አንድ ቀይ፣ ሁለት ጥቁር፦ የዳሩ መስመር።
ኋላ ቀለሙን ቀየሩት። እኔንም ከቀለሙ ጋር።

የማን ይሆን? ስንት ክረምት የማን አልጋ ላይ ከርሞ፣
ስንት ልጅ ሸንቶበት፣ ስንት ሰው ተጠቅልሎበት ታሞ፣
ዛሬ ድንጋይ ላይ ሲረገጥ ያመለጠው?
እኔን ፈልጎ መጣ አልልም። ክር ሰው አይፈልግም።
የሚዞር ነገር ካገኘ ግን፣ ሳይጠመጠም አያልፍም።

ይልቅ ግራሶውን አቀብለኝ። ያን አይደለም፣ ሰማያዊውን፣
ውሃ የማያጥበውን።
ጥቂት። ጥቂት አልኩህ! ለሙሽራ ጠጉር አይደለም፤
የበዛ ግራሶ አሸዋ ይጠራል፣ አሸዋ ዘመድ የለውም።
የጎማዋ ከንፈር ተሰንጥቋል፣ አዲሱን አግባ፤
በዚያች ስንጥቅ ነው ውሃ ወደ ሞተሩ የሚገባ።
ከሞተሩ ስትገጥመው፣ ዘንግና ዘንግ ይተያዩ፤
ፀጉር ታህል ከተዛነፉ፣ ይንዘፈዘፋሉ እስኪለያዩ።
በጣትህ አዙረው። ጆሮህን አስጠጋ።
ካንሾካሾከብህ ደግመን እንፈታለን፣ እስኪመሽ፣ እስኪነጋ።
ጡረተኛ ነኝ እኮ።

«ክሩስ?» አለኝ፣ ሊጥለው እጁን ወደ ደጅ ዘርግቶ።
አንቴናዋ ላልታለች አላልክም? እሰርበት፣ ደርበህ፣ ጠበቅ አድርገህ፣
ጫፉን እንዳታንጠለጥል ብቻ፤ ተመልሶ ይበላሃል።

ወረድን። ፀሐይ ገና ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ ነበረች።
ሴቶቹ ብርድ ልብሳቸውን ወደ ዳር ሰበሰቡ። አንዷ ሳቀች፣
«ዛሬም ሊረጩን ነው፣ ጋሼ?»
ልጁ ሪሞቱን ጫን አለ።
ውሃ ጠጥታ ውሃ እየተፋች፣ ሽቅብ፣ ወንዙን ሰነጠቀች፣
ቀይ አንገቷን ይዛ።
ሁሉም አያት።
እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ፣ ዘንጉን እሰማ ነበር።