እርሳስ

ሐሙስ ነው፤ ሃሚልተን በረዶ ያካፋል፤
የብረት ፋብሪካው ጪሱን ለሐይቁ ያካፍላል።
ሃያ ሁለት ተማሪ ካፖርቱን አውልቆ፣
ቆሟል ከየቤቱ የቀዳውን ጠርሙስ በእጁ አጥብቆ።

ያልኳቸው ይህን ነው፦ «ቧንቧ ውስጥ ያደረ የማለዳ ውሃ፣
ማንም ሳይነካው ቅዱ፤ ከሀብታሙ ሰፈር፣ ደግሞም ከድሃ።
እርሳሱን እንለካለን። ስም አትጻፉበት፤ ጎዳናው ይበቃል፤
ከአምስት ካለፈ ግን የቤቱ ሰው ሊያውቅ ይገባል።»

ዶክተር ዊትኮምብ በሻይ ሰዓት ሰማና ፈገግ አለ፤
«ኬሚስትሪ አስተምሪ፤ ለሥነ ምግባሩ ሌላ ክፍል አለ።»
ምን ልበል? ሚዛኔን ጠራርጌ ዜሮ ላይ መለስኩት፤
አቧራ ሲያርፍበት እንኳን ይናገራል፤ ለዚህ ነው የወደድኩት።

ዱዋርቴ ከሁሉም ቀድሞ ጨርሶ ደብተሩን አስረከበኝ፤
«ሦስት ነጥብ አንድ» ይላል። ነጥቧ ግን ቆረቆረኝ።
መስኮቱ ጋ ወስጄ በበረዶው ብርሃን ሳየው፣
ሦስቱና አንዱ በብዕር፣ ነጥቧ በእርሳስ ነው።

እርሳሱን ሊቀንስ፣ እርሳስ ጨመረበት።

ጠራሁት። አልጮህኩም። «ነጥብ ምን ያህል ትመዝናለች?» አልኩት፤
ሊስቅ ነበር፤ ሳቁ ጉሮሮው ላይ ቀረበት።
«የአባቴ ቤት ነው» አለ፤ «ምድር ቤቱን አከራይቶት።
ጠርሙሱን የሞላችልኝ ተከራይዋ ናት፤
ልጇን በአንድ ክንዷ ታቅፋ። ‹ለትምህርት ነው› ብያት።»

ስለ ዜግነት ግዴታ ያሰናዳሁት ነበረኝ፣ ሃያ ስላይድ፤
አንዱም አልመጣልኝ፤ አፌ ላይ ሆነብኝ ዐመድ።
ያልኩት ይህን ብቻ፦ «የልጇን ወተት በምን ትበጠብጣለች?»
እሱ መልስ አልሰጠም፤ የመታጠቢያዋ ቧንቧ ግን ትንጠባጠባለች።

ላጲሱን አነሳ። ነጥቧ በአንድ ማሸት ጠፋች፤ እንዲህ ቀላል ነበረች፤
ሠላሳ አንድ ተመልሳ ራቁቷን ቆመች።

ኮሪደር ወጥቶ ደወለ፤ በፖርቹጋልኛ፤ ቃሉ አልገባኝም፤
መሐል መሐል የሚወድቀው ዝምታ ግን አስተርጓሚ አልፈለገም።
አባትየው ምን እንዳለ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝ፤
ሰኞ ግን ተከራይዋ ራሷ፣ ሁለት ጠርሙስ ይዛ፣ በር ላይ ጠበቀችኝ።
አንዱ የጎረቤቷ ነው።

ውጤት ስሞላ ከዱዋርቴ ላይ ሁለት ነጥብ ቀነስኩ፦
የቤተ ሙከራ ደብተር በእርሳስ አይነካም።
ዐሥር ዓመት ስናገረው ኖሬ፣ ምክንያቱን ዘንድሮ ተማርኩ።