ፊትና ጀርባ

አራት ኪሎ፣ ከደረጃ ሥር፣ ጣሪያው ዝቅ ካለ፣
ሁለት ማሽን፣ አንድ ወንበር፣ ሌላ ምን አለ።
«ጽሕፈት፣ ኮፒ፣ ጥረዛ» ይላል በሩ ላይ፤
ባለቤቱ ሌላ ሰው ነው፣ እኔ ጣት ነኝ፣ የማልታይ።

ሰኔ ሲመጣ ፍላሽ ባንገቱ ይሰለፋል ተመራቂ፤
ግማሹ ከወንድሙ ገልባጭ፣ ግማሹ እንቅልፍ ናፋቂ።
እኔ እጽፋለሁ።
ስለ ወለድ፣ ስለ ግብር፣ ስለ ሰሊጥ ገበያ፣
ከሽፋኑ እስከ ዋቢው፣ እስከ መጨረሻው መዝጊያ።
ስንቱን «ምስጋና» ጻፍኩት! ለአባት፣ ለእናት፣ ለአማካሪ፤
«ለጸሐፊዋም» ያለ አንድ ነው፣ እሱም ስሜን ስቶ፣
ይባርከው ፈጣሪ።

የራሴ ሂሳብ አለኝ፣ በብር የማይቆጠር፤
የምቆጥረው በገጽ ነው፣ በጣቴ ድካም፣ በመስመር።
ከሠላሳ ብር ገጽ ውስጥ አሥሯ ናት የእኔ ድርሻ፤
ዘጠና ገጽ ሲሞላ፣ ለአንዲት ክሬዲት ማስታገሻ።
ማታ ሜክሲኮ እማራለሁ፣ አምስተኛ ፎቅ፣ በእግር፤
ሊፍቱ ላይ «ለሠራተኛ ብቻ» የሚል ወረቀት አለ
(እኔው ነኝ የጻፍኩት፣ አምና፣ በሃያ ብር)።
ኦዲቲንግ ማለት ለእኔ ሁለት መቶ ሰባ ገጽ ነው፤
ስታቲስቲክስን የተወጣሁት በአንድ ሰውዬ ዶክትሬት፣
እግዜር ይስጠው፣ አባሪው ራሱ መቶ አርባ ገጽ ሞላው።

ማክሰኞ ዕለት፣ ሰማዩ ሊጥል ሲያጉረመርም፣
የኮሌጁ ተላላኪ ጋሽ ድንበሩ ገባ፣ ጃኬቱ ገና አልረጠበም።
«መንበረ» አለኝ፣ አንድ ወረቀት ከፌስታል አውጥቶ፣
ማኅተሙ እንዳይጨማደድ በሁለት ጣት ይዞ፣ ሳስቶ፣
«ሦስት መቶ ኮፒ። ፊትና ጀርባ። ቶሎ።»

አነበብኩት። ማሽኑ እስኪሞቅ ምን ይሠራል ሰው?
«በወቅቱ የዋጋ ንረት ምክንያት» ይላል ሲጀምረው።
ቃሉ ቅቤ የጠጣ ነው፤ «የተከበራችሁ» ይላል ሁለቴ፤
ቁጥሩ ያለው ከጀርባው ነው። ገለበጥኩት። ቆመ ጣቴ።

ዘጠኝ መቶው፣ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ።
ዘጠናው ገጽ፣ መቶ ሠላሳ አምስት፣
ገና ሳልጽፈው ወገቤ ላይ ሕመሙ የተነሣ።

«ስንት ነው?» አለ ጋሽ ድንበሩ።
«አንዱ በአምስት ብር» አልኩት።
«ኧረ ተይ! ሦስት መቶ እኮ ነው!
በብዛት ለሚያሠራ ቅናሽ የለም እንዴ?
'አስቀንስ' ብለው ነው የላኩኝ፤
አራት ይሁን በቃ፣ ልጄ፣ አታስጨንቂኝ።»

ሳቄ መጣ። ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።
እኛስ፣ ጋሼ፣ በብዛት አይደለን?
ሦስት መቶ ሰው በየማታው አምስት ፎቅ በእግሩ ሲወጣ፣
ከዚያች የክፍያ መስኮት ውስጥ «ለእናንተስ በጅምላ» የሚል
አንድ ድምፅ መቼ ወጣ?

አላልኩትም። ምን ያድርግ እሱ?
የበኩር ልጁ ሦስተኛ ዓመት ላይ አቋርጦ
ለገሃር መኪና ያጥባል፤ ትራንስክሪፕቱም አልተሰጠው፣
ቀሪ ዕዳ አለበትና። ኮሌጁም ይኸው፣ የአባቱ ኮሌጅ።

አራት አልኩት። ማሽኑ ጀመረ።
ከክዳኑ ሥር ብርሃኑ እየሾለከ ፊቴን ላሰኝ፣
ሦስት መቶ ጊዜ በፊቱ፣ ሦስት መቶ ጊዜ በጀርባው።
አንዷ ተሰነቀረች። ጎትቼ አወጣኋት፤
ትኩስ ናት፣ ተጨማዳለች፣ ቁጥሯ ግን አልጠፋም።
ለጋሽ ድንበሩ ሌላ ተካሁለት።
በእሷ ኅዳግ ላይ በእርሳስ ጻፍኩ፦
«የቀረ ኮርስ ሁለት። ስምንት መቶ አሥር ገጽ።»
ከሥሩ ደግሞ አንድ ሰረዝ፣ ድምሩን ያላወቅኩት።

ብሩን ሁለቴ ቆጥሮ ከፈለኝ። ደጁ ላይ ዝናቡ ወረደ።
ጥቅሉን ጃኬቱ ውስጥ፣ ከደረቱ ጋር ሸጎጠና
«ደረሰኝስ?» አለኝ።
«አዎ ጋሼ» አልኩት፣ ካርኒውን እየሳብኩ፣
«ደረሰኝ።»