እርማት፣ ገጽ ሁለት

በቴስለር ካውንቲ ዜና ማለት ይህ ነው፤
የሆብስ ጊደር አጥር ጥሳ መንገድ ላይ አደረች፤
በረዶ የሉተራኑን ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ በሳው፤
ኢርማ ስታንሴክ ዘጠና ሁለት ዓመቷን በሎሚ ኬክ አከበረች።

ሠላሳ አንድ ዓመት ይህንኑ ጻፍኩት፣ ሐሙስ ሐሙስ አተምኩት፤
ስሙን ያጣመምኩበት ሰው ዱቄት ስገዛ ሲያገኘኝ
«አንድ ፊደል በላሽብኝ» ቢል፣ በሳምንቱ አረምኩት።

ማክሰኞ ማታ ጉባኤ ነው፤
ሦስት ኮሚሽነር፣ አንዲት ጸሐፊ፣ የሚያቃስት ማሞቂያ፣
ሃያ ታጣፊ ወንበር፣ አሥራ ዘጠኙ ባዶ፤
አንዱ ላይ እኔ፣ ጉልበቴን አድርጌው የጽሕፈት መደገፊያ።
የጠጠር ዋጋ ያከራክራል ሌሊቱ እስኪጋመስ፤
እኔም ጠጠር በጠጠር እጽፋለሁ፣
እርሳሴ ዶልዱሞ እስኪጨረስ።

ዘንድሮ ግን ወንበር ጠፋ። ድልድይ ነዋ!
የሙሌት ወንዝ ድልድይ ምሰሶው በሰበሰ፤
መሐንዲስ ከሩቅ መጥቶ፣ በጣቱ ጠንቁሎት፣
«ዝግ» የሚል ቢጫ ሰሌዳ ሰክቶበት ተመለሰ።
የሰሜን ገበሬ በቆሎውን ጭኖ ሃያ ሰባት ማይል ዞረ፤
የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ በጨለማ ልጅ ይለቅም ጀመረ፤
ጎረቤት ለጎረቤት የሚልከው ሰላምታ እንኳ
ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ መንገድ ላይ ቀረ።

ኦርቪል ስታንሴክ «ይፍረስ» አለ፤ «ካዝናችን እንደሁ ለአይጥም አይበቃ»።
ማርዴል ኩንትስ፣ ያችው የአውቶቡሱ ሾፌር፣
«ልጅ ነው የምጭነው፣ ድንች አይደለም» ብላ ተወዳደረች።
ሁለቱም ማስታወቂያ አመጡ፤ ገንዘባቸውን እኩል ተቀበልኩ፤
ቅሬታ እንዳይነሳ ፎቷቸውን በማስመሪያ ለክቼ ቆረጥኩ፤
በፊት ገጽም፣ እንደ ምርጫ ሰሞን ልማዴ፣
በወፍራም ፊደል
«አንድ ድምፅ ምን ይረባል አትበሉ» አልኩ።

ዴሎሬስ ፕራት ኮረጆውን ከፍታ ሦስቴ ቆጠረች።
መቶ ሰማንያ ሰባት ለእሱ።
መቶ ሰማንያ ሰባት ለእሷ።
ሕጉ «ዕጣ» ይላል። የሸሪፉ ባርኔጣ መጣ፣ ላብ የጠገበ፤
ሁለት ብጣሽ ወረቀት ተጣጥፎ ገባ፤
ዴሎሬስ ዓይኗን ጨፍና ብታወጣ
«ስታንሴክ» ተብሎ ተነበበ።
ማርዴል እጁን ጨበጠችው፤ ኮቷን ደረበች፤
«ነገ አሥራ ሁለት ልጅ ይጠብቀኛል» ብላ ወጣች።

ዜናውን ጻፍኩት። አላዳላሁም፤ አንድም ቃል አልሳትኩ።
የሳትኩት ሌላ ነው።
የምርጫው ለት ማተሚያው ወረቀት ውጦ አልተፋ ብሎኝ፣
ከሥሩ ተጋድሜ፣ እስከ ክርኔ በቀለም ተነክሬ፣
ቀና ስል ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ከአሥር።
በሩ በሁለት ተዘግቷል።

ማንም አላወቀ። ማርዴል ብቻ
የቀረባትን ሂሳብ ልትከፍል መጥታ፣ ሳንቲም እየቆጠረች፣
«ሰልፉ ላይ አላየሁሽም፤ አሞሽ ነበር እንዴ?» አለች።
ከልቧ ነው። እሱ ነው የባሰው።

እነሆ ገጽ ሁለት፣ ከአየር ትንበያው ግርጌ፦
«ባለፈው እትማችን የኮሚሽነሩ ምርጫ እኩል ለእኩል ወጣ ብለናል።
ቁጥሩ ልክ ነው።
ሆኖም አንዲት መራጭ ቀርታለች።
ስሟ በየሳምንቱ በዚህ ጋዜጣ አናት ላይ ይታተማል።
ጋዜጣው ይቅርታ ይጠይቃል።»

የዛሬውን እትም ለፖስታ ቤት አልሰጠሁም፤
ለሰሜን ደንበኞች ራሴ ላድርስ ብዬ ጭኜ ወጣሁ።
ቢጫው ሰሌዳ ፊት ሞተር ሳላጠፋ ቆምኩ።
ማዶ የኩንትስ በረንዳ መብራት በርቷል፣
ድንጋይ ቢወረውሩ የሚደርስ።
ማርሹን ወደ ኋላ ጎተትኩት፤
ሃያ ሰባት ማይል።