ዳኛው እጅ ሳያነሣ

ሃምሳ ሳንቲም ነበር የጋሽ ይርሳው መግቢያ፣
ከጨርቃ ጨርቁ በር፣ ከወፍጮው መታጠፊያ።
ግድግዳው ጆንያ፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው፣
ዝናብ የጣለ ለት ፊልሙ ድምፅ የለው።

ድምፁማ ስንሻው ነው፤ ከቴሌቪዥኑ ጎን
ሸምበቆውን ይዞ ቆሞ የሚያስረዳን።
እንግሊዝኛ አይችልም። ማንም አልጠየቀው።
ያን የወደብ ኩሊ፣ ያንን ቡጢኛ ሰው፣
የአዴት ልጅ አድርጎ በአፉ የፈጠረው
እሱ ነው፦
«እናቴ ትሙት!» ይላል፣ «ቀበቶውን ሳልታጠቅ
ቤቴ አልገባም ዛሬ! ደሃ ነኝ፣ ግን አልወድቅ!»

ካሴቱ ግን ጉድ ነው። ዙሩ ሁሉ አልቆ፣
የሁለቱም ዐይን አብጦ፣ የሁለቱም ላብ ደርቆ፣
ዳኛው መሀል ገብቶ እጃቸውን ሲይዝ፣
ልባችን ቀጥ ሲል፣ ትንፋሻችን ሲያዝ፣
ድንገት
ከበሮ። ሚዜ። ቬሎ። የሰው ሠርግ!
የይርሳው እኅት ናት፤ ባዶ ካሴት ጠፍቶ
በፍርዱ ላይ ቀርጸው፣
ይስቃል ሙሽራው ከረባቱ ጠብቶ።
«አሸነፈ!» ይላል ጋሽ ይርሳው በሩን ከፍቶ፣
«ምን ጥያቄ አለው? በሉ ውጡ!»
ወጣን። አመንን።

ከሁሉ ያመነ ግን ምንይችል ነበር።
ፈትል ክፍል አድሮ፣ የጥጥ ብናኝ ጠጉሩ ላይ፣
ቤዛዊትን ይወጣል ገና ጎሕ ሲታይ፣
ጉማሬው ከግጦሹ ሳይመለስ ዓባይ።
የሐይቁን አሸዋ በጆንያ ቋጥሮ
ሲነርተው ይውላል ከዋርካ ላይ አስሮ።

ከኮምቦልቻ የመጣ አንድ ቀጭን ልጅ
በነጥብ አሸነፈው። በሦስት ነጥብ እንጂ
በዝረራ እንኳ አይደለም።
ጓንቱን ፈታ። አልነካውም ዳግም።
«ያ ሰውዬ አሸንፏል» አለኝ፣ «እንደኔው ደሃ ሆኖ፤
ጥፋቱ የኔ ነው» አለ፣ ዐይኑ ተከድኖ።

ትናንት ማታ ታዲያ፣ ከሃያ ስምንት ዓመት ኋላ፣
ልጄ ሶስና ሙሉውን አገኘችው፣ የስልኳን ጓዳ ፈልፍላ።
ዛሬስ ይታያል ወይ?
እውነቱን ልናገር፦ ግማሹ እርምጃ ነው።
ሰውዬው ይሄዳል። ይሄዳል። ዝናብ ይመታዋል።
ቡጢው አየር መትቶ ደም ካፍንጫ ይወርዳል፣
ያኔ ያስለቀሰኝ ሁሉ አሁን ያስታውቃል።
«ይቺ ሴት» አለች ሶስና፣ «ከማልቀስ በቀር ሥራ የላትም?»
የላትም።
የስንሻው ሚስት ግን አልቅሳ አታውቅም፦
«ተነሥ አንተ!» ትል ነበር፣ «የቤት ኪራዩን ማን ሊከፍል ነው?»
ያቺ ትሻል ነበር። ያቺ ዛሬም ትታያለች።

ከዚያ ደወል። ዳኛው መሀል። እጃቸውን ያዘ።
እኔ ከበሮ ጠበቅሁ።
ከበሮ የለም።
የተነሣው እጅ የሌላው ነው።
የኛ ሰው ተሸነፈ። በነጥብ።
ከንፈሩ ተተርትሮ፣ ጓንቱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ
ቤቱ ገባ፤ ፈገግ እንደማለት ብሎ።

ጠዋት ወደቡ ወረድሁ። ምንይችል እዚያ ነው፣
ለዘጌ ጀልባዎች ትኬት የሚቆርጠው።
ስልኬን አወጣሁ። ፀሐይ መስተዋቱን አነጣችው።
ጃኬቴን ባናታችን ጣልሁት፤ ጨለመ፣ ልክ እንደ ጆንያው ቤት፣
ሁለት ሽበታም ሰዎች፣ አንድ ትንፋሽ፣ የዓሣ ሽታ፣ ሙቀት።
ግራ እጁ ሳያውቀው አገጩ ጋ ተሰቅሏል።
አየ።
ውጭ ጀልባው ጡሩንባ ይነፋል፣ ሰው ትኬት ይጠይቃል።
«መልሰው» አለኝ። መለስሁ። አየ።
«መልሰው።»
በሦስተኛው ብዙ ዝም አለ፤ ከዚያ
«እና ሠርጉስ?» አለ።